ማስመሪያ እና ቴሉሪየም

ጥቅምት 6

የሁለተኛ ዓመቶቹን የአዮዲን ሪፖርት ሳርም ዋልኩ። ምን በድዬ ይሆን? ሐምራዊ ትነት፣ አንድ አምፖል፣ ብርሃኑን በየቀለሙ የሚበትን አንድ ስፔክትሮሜትር። ጥቁር ጥቁሮቹን መስመሮች ቁጠሩ፣ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለኩ፣ ደምሩ፤ ሁለቱን የአዮዲን አቶሞች ለማለያየት ስንት ጉልበት እንደሚጠይቅ ንገሩኝ። ይኸው ነው። ሲለያዩ አንደኛው አቶም ትርፍ ጉልበት ይዞ ስለሚወጣ እሱን መቀነስ አትርሱ ብዬ ሰሌዳው ላይ በቀይ ጻፍኩ። ግማሾቹ ረሱት። የቀሩት ደመሩት! አንዱማ ሦስት የተለያየ መልስ ጽፏል። የወደዱትን ይምረጡ ሊለኝ ነው መሰል።

ከሰዓት ላብራቶሪ ገባሁ። እንደገና ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ከማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም። ማስመሪያ! ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ክፍል ተቀምጦ ቴሉሪየም የሚባለውን ንጥረ ነገር የሚያሞቅ የኮንትራት ተመራማሪ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ... በልቤ። ሁለት ነጥብ ካየ ማስመሪያውን ያነሳላ! ባለፈው የቴሉሪየም ቱቦ ሰብሮ በባዶ እጁ ጠረገው። ቴሉሪየም ሰውነት ውስጥ ከገባ ትንፋሽን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ያሰኛል፤ ለሳምንታት አይለቅም። መጀመሪያ የመጣ ቀን ነግሬዋለሁ። "እሺ ዶክተር" አለ። እሺ ያለ ሁሉ የሰማ መስሎኝ።

ላብ የሚባለው ላብ ስለሚያፈስ ነው። ይኼ ልጅ ሳያልበው ገብቶ ሳያልበው ይወጣል።

ጥቅምት 9

ልጄ ምሳ መጣች። የጥርስ ሐኪም ናት፤ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ የምታየው አፉን ነው። ዛሬ ግን ሳህኗን ሳህኗን ስታይ ቆየች።

"እማዬ፣ አንድ ሰው ላስተዋውቅሽ ፈልጌ ነበር።"

"ደስ ይለኛል። ማነው?"

"ታውቂዋለሽ።"

ሻርፗን ወንበሩ ላይ ጥላው ነበር። ላንጠለጥልላት አነሳሁት... ሸተተኝ።

ሻርፑን መልሼ ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለት ጣት።

ጥቅምት 10

ማስመሪያ! አገር ምድሩ ወንድ ሆኖ፣ ማስመሪያ!

ደግሞ የጥርስ ሐኪም ሆና። ያን ትንፋሽ በምን ቻለችው? ጭምብሏን አድርጋ ነው የምትስመው?

ጥቅምት 17

መጣ። እሑድ ምሳ። ሸሚዙን ተኩሶ፣ የአንገቱ ቁልፍ ልታንቀው ምንም አልቀራት። በር ላይ "ዶክተር" አለኝ፤ ቀጥሎ "እማ..." ብሎ ጀመረና ዋጠው። ከዚያ ምሳው እስኪያልቅ ምንም ብሎ አልጠራኝም። ይሻላል።

እትዬም ነበረች፤ ታላቅ እህቴ። ልጄን ለመዳር ከኔ ይልቅ የቸኮለችው እሷ ናት።

"ለመሆኑ ሥራህ ምንድነው፣ ልጄ?" አለችው።

ሹካውን አስቀመጠ። "ሁለት የቴሉሪየም አቶሞች ተያይዘው ይኖራሉ እትዬ። እንደ ላስቲክ ይሳባሉ፣ ይመለሳሉ፤ አያርፉም። ብርሃን ሳሳልፍባቸው የተወሰነውን ቀለም ይውጡታል። የተዋጠው ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታየኛል። መስመሮቹ ልክ እንደ ደረጃ ናቸው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር ደረጃው እያጠረ፣ እያጠረ ይሄድና ያልቃል። ሲያልቅ ሁለቱ ይለያያሉ። እስከዚያ ያለውን ስደምር ምን ያህል አጥብቀው እንደተያያዙ አውቃለሁ።"

"ውይ! ተስማምተው የሚኖሩትን ማፋታት ነዋ ሥራህ!"

ሳቁ። እኔም ሊያመልጠኝ ነበር፣ ያዝኩት። አስረድቶ ተናገረ፤ ይህን አልክድም። ተማሪዎቼ እንደዚህ ቢጽፉልኝ...

ወዲያው ግን አበላሸው። ያገኘሁት ቁጥር እስካሁን ከሚታወቀው በጣም ይበልጣል አለ። ቴሉሪየም ሰው ከሚያስበው በላይ ተጣብቋል!

"ስንቱን ደረጃ አየህ?" አልኩት።

"የታችኞቹን። ግማሽ ያህሉን።"

"የላይኞቹስ?"

"ደካማ ናቸው፣ አይታዩም። ግን አካሄዱ ቀጥ ያለ ስለሆነ... አሰመርኩት።"

"ያላየኸውን ደረጃ በማስመሪያ ወጣኸው በለኛ። ወድቀህ እንዳትሰበር።"

እትዬ መጎንጨቷን አቆመች። ልጄ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። ደህና አድርጋ ነው የረገጠችኝ።

ጥቅምት 22

ጭብጨባ የቁጥሩን ወሬ ሰማ፤ ይህን ስምም ያወጣሁት እኔ ነኝ። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ። መሣሪያ በእጁ ከነካ ዘመን የለውም፤ ሰው ሲያስነጥስ ግን ያጨበጭባል። ዛሬ ሮጦ መጥቶ ማስመሪያን አቀፈው። አቀፈውና... አፍንጫው ደረሰለት፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

"አዲስ ቁጥር! አዲስ! በሚቀጥለው ወር ቦርዱ ይጎበኘናል። ያን ቀን አንተ ታቀርባለህ። ባነር አሠራለሁ። ቋሚ ቅጥርህንም እዚያው እናጸድቃለን።"

የማስመሪያ ኮንትራት የዓመቱን መጨረሻ አያይም። ፊቱ ሲበራ አየሁት።

"የላይኞቹ ደረጃዎች አልተለኩም" አልኩ። "አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ወደ ታች ይጎብጣል። ከጎበጠ ድምሩ ያንሳል፣ ቁጥራችሁም አብሮ ይወርዳል።"

"ዶክተር ደግሞ! እርስዎ ሁልጊዜ ሎሚ እንደመጠጡ ነው እኮ!"

ሳቀ። ማስመሪያ አልሳቀም፤ መሬት መሬት አየ። ለምን አልተናገረም? አፍ የለውም? አለው እንጂ፤ ሽታው ይመሰክራል።

ጥቅምት 23

ባነሩ ታዟል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ...

ጥቅምት 29

ከልጄ ጋር ተጣላን። በስልክ ጀምረን፣ ከሥራ ስትወጣ መጥታ ጨረስነው።

"የምትጠዪው ቁጥሩን ነው ወይስ እሱን?"

"ሁለቱንም።"

"እሱ እኮ ያከብርሻል። 'ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ከእሷ ነው' ነው የሚለኝ።"

"ከኔ ከሆነማ ደረጃ መቁጠር ያውቅ ነበር።"

ቦርሳዋን አነሳች። በሩን ከከፈተች በኋላ ነው የተናገረችው።

"አባባ ሊሞት አካባቢ ሬዲዮ የሚጠግነው ጓሮ ተደብቆ ነበር። እንዳትስቂበት። ታውቂ ነበር?"

አላውቅም አልኳት። ሄደች።

ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ መጠገን አይችልም ነበር። ሁለቱን ሽቦ ማገናኘት የሚያቅተው ሰው። እውነቱ ይኸው ነው። ግን ጓሮ? የእውነት ጓሮ ተደብቆ?

ኅዳር 3

ጠዋት ሰው ሳይገባ ላብ ገባሁ። የራሴን ዓይን ነው የማምነው። ረጅሙን ቱቦ ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ትነቱ ሲበዛና መንገዱ ሲረዝም ደካሞቹ መስመሮች ይወጣሉ፤ ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት አይፈጅም። ምድጃውን ከፍ አደረግሁ። የቱቦው ጫፎች ከመሃሉ ይበልጥ ካልጋሉ ቴሉሪየሙ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፤ ስለዚህ ጫፎቹን ለብቻ ጠቀለልኩ። ማስመሪያ ይህን ትዕግሥት ከየት ያመጣዋል? እሱ የሚጠቀልለው ሳንድዊች ብቻ ነው።

ታዩኝ። የላይኞቹ! ቀጭን፣ ተጠጋግተው፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ። ከቀን ወደ ቀን ብዙ ነገር ያስጠላኛል፤ ይኼ ግን አያስጠላኝም።

ኅዳር 5

ቁጥር ሰጥቼ፣ ርቀታቸውን ለክቼ፣ ግራፉ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከማስመሪያ መስመር በታች ወደቁ። አንድም የተረፈ የለም፤ ሁሉም እንደ ደከመ ሰው ትከሻ ጎብጠው ወረዱ። ድምሩ ያንሳል። ሰዎች ድሮ ከሚያውቁት ቁጥር አጠገብ ነው የሚያርፈው። ሰበር ዜና የሚባል ነገር የለም።

ሳቅኩ። ብቻዬን ክፍሉ ውስጥ ቆሜ ጮክ ብዬ ሳቅኩ።

ልንገረው? ለምን እነግረዋለሁ? ባነሩ ይሰቀል። ቦርዱ ይቀመጥ። ጭብጨባ ያጨብጭብ። ያኔ እነሳና "አንድ ትንሽ ጥያቄ ነበረችኝ" እላለሁ። ልጄንም ነይ እላታለሁ፤ እዚያ ትሆናለች። ያመጣችልኝን ሰው በዓይኗ ትየው።

ኅዳር 7

ዛሬ ልኬቱን ደግሜ አምሽቼ ስወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። ገባና እጁን የምድጃው ሽፋን ላይ አድርጎ ቆመ።

"ትኩስ ነው። እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ።"

"ረጅሙን ቱቦ አስገብተው?"

"አዎ።"

"ምን አዩ?"

"ምንም" አልኩት።

ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ግራፉ ቦርሳው ውስጥ ነበር።

ኅዳር 8

ዛሬም አልነገርኩትም። ነገም አልነግረውም። ጠይቆኝ ያገኘው መልስ ይበቃዋል።

ኅዳር 12

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ባነሩ ከመድረኩ ጀርባ ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል፤ ቁጥሩ እንደ ቅናሽ ዋጋ ተንቦርቅቆ ተጽፎበታል። ጭብጨባ ከፈተ። ስለ ቴሉሪየም ምንም፣ ስለ ራሱ ብዙ ተናገረ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነኝ። ልጄ ከኋላ፣ ከሐኪም ቤት ተፈቅዶላት መጥታለች።

ማስመሪያ ወጣ። ማይኩን ነካ አደረገ። ወደ ባነሩ ዞሮ አየና ተመለሰ።

"ከኋላዬ የተጻፈው ቁጥር ስህተት ነው" አለ።

ቦርዱ በሙሉ ቀና ብሎ ባነሩን አየ።

"ስህተቱ የእኔ ነው። የታችኞቹን ደረጃዎች ብቻ አይቼ፣ የላይኞቹን በግምት አሰመርኩ። በዚህ ሳምንት ረጅሙን ቱቦ አስገብቼ፣ ምድጃውን ከፍ አድርጌ እንደገና ለካሁ። የላይኞቹ ደረጃዎች ከመስመሬ በታች ናቸው። ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ያንሳል፤ ድሮ ከሚታወቀውም ብዙ አይርቅም። የማበስረው አዲስ ነገር የለኝም። ይቅርታ።"

የማበስረው የለኝም! በቦርዱ ፊት! ቋሚ ቅጥሩ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ!

ከቦርዱ አንዱ ሽማግሌ "ታዲያ ለምን ጠራችሁን?" አሉ። ጭብጨባ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው።

ማስመሪያ ግራፉን አሳየ። ቁርጥ የኔኑ ነው። ያው ጉብጠት፣ ያው አወራረድ። የምንቅበት ነገር ፈለግሁ፤ አጥብቄ ፈለግሁ። ሁለት ነጥብ ብቻ ትንሽ ተዛብተው አገኘሁ። ሁለት ነጥብ።

ከመድረክ ሲወርድ በአጠገቤ አለፈ። "ከእኔ በፊት ያየ ሰው አለ" ማለት ይችል ነበር። አላለም። ቀና ብሎም አላየኝም።

የኔ ግራፍ ከቦርሳዬ አልወጣም። ይዤው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ኅዳር 13

ልጄ መጣች። አልተቀመጠችም።

"ምድጃው ትኩስ ሆኖ አገኘሁት አለኝ። 'እናትሽ በከንቱ ምድጃ አያሞቁም፣ የሆነ ነገር አይተው ነው' ብሎ እንደገና ሊለካ ሄደ። አይተሽ ነበር?"

"አይቻለሁ።"

"ሲጠይቅሽስ?"

የጠረጴዛውን ጨርቅ አስተካከልኩ።

"እኔ ፊት ልታዋርጂው ነበር አይደል? ለዚህ ነው ነይ ያልሽኝ።"

መልስ ነበረኝ። ብዙ ጥሩ ጥሩ መልስ። ሁሉም አፌ ላይ መጥቶ ሁሉም አስቀያሚ ሆነብኝ።

በሩን ቀስ ብላ ነው የዘጋችው። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ኅዳር 16

አልደወለችም።

ኅዳር 21

ጭብጨባ ቢሮው ጠራኝ። ሻይ አዘዘልኝ። ሻይ ሲያዝ ነገር አለ።

"የዚያን ልጅ ኮንትራት አናድስም" አለ። "ቤታችንን አዋረደው። ግን እርስዎ ከእሱ ቀድመው ለክተው ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?"

"ማን አለ?"

"የምድጃው መዝገብ ላይ ሰዓቱ አለ። እንግዲያው ሥራውን በእርስዎ ስም እናውጣው! 'አንጋፋዋ ተመራማሪያችን ስህተቱን አርመው...' ሲባል ይታየኛል። ቦርዱም ይረሳል። ለዓመታት የለመኑኝን አዲሱን ስፔክትሮሜትርም በዚሁ እናስገባዋለን።"

አዲሱ ስፔክትሮሜትር። ፀጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ስለምነው የኖርኩት። ሲጠራው ጎመጀሁ፤ አልዋሽም።

ይህን ሰው ስንቀው ስንቀው ዓመታት አልፈዋል። አሁን ደግሞ እኔን ምን ብሎ እንደሚያስበኝ ገባኝ፤ የሱ ብጤ! ከሁሉ የከነከነኝ ግምቱ ከመሬት አለመነሳቱ ነው።

"ስህተቱን ያረመው ራሱ ነው" አልኩ። "ከወጣ የሱ ስም ቀድሞ፣ የኔ ተከትሎ ይወጣል። ኮንትራቱም ይታደሳል።"

"አማችዎ ሊሆን ነው መሰለኝ?"

"ገና አልሆነም። እንደ ሽታውማ ላይሆንም ይችላል።"

"እንግዲህ መሣሪያውን ይርሱት።"

"እርስዎም ስሜን ይርሱት" ብዬ ተነሳሁ። ሻዩን ሳልነካው። ስኳሩን ደግሞ እንዴት አብዝተውት ነበር!

ኅዳር 23

ማስመሪያን ላብ ውስጥ አገኘሁት። ኮንትራቱ አልታደሰም፤ ዕቃውን ካርቶን ውስጥ ይከትታል። ግራፌን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ረጅም ጊዜ አየው።

"ሁለቱ ነጥቦቼ ተሳስተዋል" አለ።

"ተሳስተዋል። ከሌላ ደረጃ የተነሳ መስመር ተደርቦብህ ነው። አብረን እንጽፈዋለን። ያንተ ስም ይቀድማል።"

"ለምን?"

"በፊደል ተራ" አልኩት። ውሸት ነው፤ በፊደል ተራ እኔ ነኝ የምቀድመው። ያውቃል።

ስለ ምድጃው አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ታኅሣሥ 11

ጽሑፉን ላክነው። ለአንድ አንቀጽ ስንት ቀን ተከራከርን! አረፍተ ነገሩ እንደ ባቡር ነው፤ የሚቆምበትን አያውቅም። አሳጠርኩለት። መልሶ አስረዘመው።

ሥራ አግኝቷል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ከተማ ውስጥ፣ ብረት የሚያቀልጥ ፋብሪካ። የቀለጠውን ብረት ብርሃን እያየ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል። ደመወዙ ከኛ ይሻላል አለኝ። እንዳዝንለት ነው እንዴ የጠበቀው? ልጄም እዚያው ከተማ ክሊኒክ አግኝታለች። ይህን የሰማሁት ከእትዬ ነው።

ጥር 20

ተጋቡ። ጥቂት ሰው፣ ፊርማ፣ ፎቶ። ልጄ ጉንጬን ሳመችኝ። ዓይኔን ግን አላየችም። እትዬ ለሁላችንም የሚበቃ አለቀሰች።

የካቲት 2

ጽሑፉን ተቀበሉት። አንዱ ገምጋሚ "አዲስ ነገር የለውም፣ ነገር ግን በጥንቃቄ የተሠራ ነው" ብሏል። ምቀኛ! ሁለቴ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ደስ አለኝ።

ጭብጨባ ኮሪደር ላይ ሲያየኝ ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል። ስልኩ አይበራም።

የካቲት 16

እሑድ። ቤታቸው ሄድኩ። እትዬ ናት የገፋፋችኝ፤ "እናት እንግዳ ናት?" ብላ። ትንሽ ቤት ናት። መስኮቷ ወደ ፋብሪካው ጭስ ማውጫ ያያል። መጋረጃው አጥሯል... ምንም አላልኩም።

ምሳ በላን። ልጄ ደህና ናት። መልስ ትመልሳለች፤ ጥያቄ ግን አትጠይቅም። ከምሳ በኋላ ስልክ ተደወለላትና ሳሎን ቀረች። ሳህኖቹን እሱ ሊያጥብ ገባ። እኔ ለማድረቅ ጨርቅ ያዝኩ።

ውሃው ይፈሳል። አሁን ካልሆነ መቼም አይሆንም ብዬ አሰብኩ።

"ያን ቀን ምድጃው ላይ እጅህን አድርገህ ስትጠይቀኝ፣ ምንም አላየሁም አልኩህ። አይቼ ነበር። ሁሉንም።"

"አውቃለሁ።"

"አውቀህማ ነው የለካኸው። እኔ የምልህ ሌላ ነው። ሆን ብዬ ነው ያልነገርኩህ። እንድትወድቅ።"

ማጠቡን አላቆመም። "እኔም ብሆን ምናልባት አልናገርም ነበር" አለ።

"አንተማ ትናገር ነበር።"

ወጣልኝ። ያለ ማደንዘዣ ጥርስ እንደማስነቀል ነው የሆነብኝ። ጆሮው ቀላ።

ልጄ ከሳሎን "ምን ታወራላችሁ እዚያ?" አለች።

"ስለ ቴሉሪየም" አልን። ሁለታችንም፣ እኩል።

ሳቋ ተሰማኝ። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ እሱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ዓይኔን።

"አድረሽ ትሄጃለሽ አይደል?" አለችኝ።

ሳህኖቹ ላይ ቅባት ቀርቶ ነበር። እንዴት ነው የሚያጥበው ይኼ ሰው? ቆየሁ። ሁለቱም ሳሎን እስኪገቡ ጠበቅሁና፣ ውሃውን ቀጠን አድርጌ ከፍቼ፣ እንዳይሰማ፣ እንደገና አጠብኳቸው።